ሁለት ቁልፍ ዝቅ

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ካራኦኬ የሚሉት ቤት ወሰደችኝ። ሰው በየተራው እየተነሣ፣ ከቴሌቪዥን ላይ ግጥሙን እያነበበ፣ የሌላ ሰው ዘፈን ይዘፍናል። ሐሳቧ ልታዝናናኝ ነበር፤ እኔ ግን ገና ሳልቀመጥ መተቸት ጀመርኩ። ማይክራፎኑ ይጮኻል፣ አስተናጋጁ በዘፈን መሀል ትሪ ይዞ ያልፋል፣ የሚቀጥለው ተረኛ አጠገብ ቆሞ ዘፋኙን ያጣድፋል። «ጋሼ፣ ዝም ብለው ይዝናኑ» አለችኝ። በኋላ አንዲት ወጣት ተነሥታ ጀመረችና ዘፈኑ ከፍ ሲልባት ማሽኑን ወደያዘው ሰውዬ ዞር ብላ በእጇ ወደ ታች ምልክት ሰጠችው። ሰውዬው አንዲት ቁልፍ ሁለት ጊዜ ጫን አደረገ። ጩኸቱ ሳይቀንስ የሙዚቃው መነሻ ዝቅ አለላት፤ እሷም ዘፈነች። በአዳራሹ ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። እኔ ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወጣሁ። የእህቴ ልጅ ያመመኝ መስሏት እየሮጠች ተከተለችኝ።

በደርግ ጊዜ አምቦ አስተማሪ ነበርኩ። የምደባ ደብዳቤዬ ላይ የተጻፈው «ሀገረ ሕይወት» ስለነበር አውቶቡስ ተራ ሄጄ እንደዚያው ብዬ ስጠይቅ ረዳቱ ደብዳቤውን ነጥቆ አየና «አምቦ አትለኝም እንዴ!» ብሎ ሻንጣዬን ወደ ላይ ወረወረው። አኮርዲዮኔን ግን አላስነካሁትም፤ ጭኔ ላይ አድርጌው ሄድኩ። የማርሽ ባንድ ተጫዋች ከነበሩ አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ያገኘሁት ነው። አጨዋወቱንም ትንሽ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፤ የቀረውን ራሴ ደረስኩበት እል ነበር። አልደረስኩበትም ነበር።

በከተማው አዳራሽ በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መዝፈን የፈለገ ሁሉ የሚወጣበት ዝግጅት ነበረን። ማታ እንዳይሆን ሰዓት እላፊ አለ። መጀመሪያ ስለ ምርት ዘመቻ የሚያወሱ ሁለት መዝሙሮች ይዘመራሉ። ከፊት የሚቀመጠው ካድሬ ሁለቱንም ፈገግ ሳይል ሰምቶ፣ አጨብጭቦ፣ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ይወጣል። ሰው የኮቱን ቁልፍ የሚፈታው እሱ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ የባንክ ጸሐፊው፣ የእርሻ ባለሙያው፣ የሦስት ልጆች እናት የሆነችው የፖስታ ቤት ሠራተኛ በየተራቸው ይወጣሉ፤ በሬዲዮ የለመዱትን ዘፈን አንዱ በአማርኛ አንዱ በኦሮምኛ ይዘፍናል፣ እኔ አጅባለሁ።

ስለ ዘፋኝ ብዙ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ፤ ግማሹ እውነት ነበር። ፈሪ ሰው ከጎበዝ ዘፋኝ ቀጥሎ አይወጣም፣ ያሳዝናል። ተረኛ ብዙ ከጠበቀ አፉ ይደርቃል፤ እንዲህ ያለውን ቶሎ ማስወጣት ነው። ተመልካቹ ዘፈኑን ስላወቀው ብቻ ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ አብሮ ከጮኸ ዘፋኙ ራሱን መስማት አይችልም። ተራ አስያዡ እኔ፣ አጃቢው እኔ፣ ሕግ አውጪውም እኔ ነበርኩ። ካወጣኋቸው ሕጎች አንዱ ያለ አኮርዲዮን መድረክ ላይ መዝፈን ክልክል ነው የሚል ነበር። የአገሩ ሰው በሠርግም በደቦም በጭብጨባ ብቻ ዘፍኖ መሬት ያንቀጠቅጣል። አንዳንዱ መድረክ ላይም እንደዚያ ልዝፈን ሲለኝ «እሱን ለሠርጉ፤ ይህ መድረክ ነው» እለው ነበር። ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ድረስ እፍረት ይሰማኛል።

እውነቱን ልናገርና፣ አኮርዲዮኑን የማውቀው በነጮቹ ቁልፎች ብቻ ነበር። ዘፈን የሚነሣበትን ቦታ ሦስት ብቻ አውቃለሁ፤ አንዱ ከፍ ያለ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ በጣም ዝቅ ያለ ነው። በመካከለኛውና በዝቅተኛው መሀል ያሉትን መነሻዎች ለመጫወት ጥቁሮቹን ቁልፎች መንካት ያስፈልጋል፤ እነሱ ላይ ጣቶቼ ይተሳሰራሉ። ይህን በአምቦ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዘፋኙ ሁሉ ከእኔ መነሻዎች ወደ አንዱ ይመጣል፤ ካቃተው «ድምፅህን አሠልጥን» እለዋለሁ።

ከጤና ጣቢያው አንዲት ነርስ ትመጣ ነበር፤ የካቺሲ ልጅ ናት። ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት፣ እኔም እንደዚያው። ወፍራም፣ ረጋ ያለ ድምፅ ነበራት። ሌሎች ሴቶች ከሚዘፍኑበት በታች፣ ወንዶች ከሚዘፍኑበት በላይ ነው። የአውራጃው የኪነት ቡድን ሰዎች አንድ ቀን በጤና ጣቢያው በር ሲያልፉ ስታንጎራጉር ሰምተዋት «ከእኛ ጋር እንድትሠሪ እንፈልጋለን» አሏት። እሷ ሌላ ምንም የምትመኘው ነገር አልነበረም። ችግሩ አባቷ ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው የተዘጋባቸው ጴንጤ ነበሩ፤ ከመዝሙር ሌላ ዘፈን በቤታቸው አይሰማም። በራሷ ደመወዝ የምትኖር ሴት ናት፤ ግን አባቷን ቅር አሰኝታ መድረክ ላይ አትወጣም። እሳቸውም ለዓይናቸው ሕክምና አምቦ ሲመጡ ብዙ ከለመነቻቸው በኋላ «እሺ፣ አንድ ቀን ልስማሽና እፈርዳለሁ» አሏት። ሰኞ ጠዋት ወደ ካቺሲ በሚሄደው መኪና ተመላሽ ስለሆኑ፣ ያ አንድ ቀን የእኛ እሑድ ነበር።

የመረጠችው ሟች እናቷ ቅቤ ስትንጥ የምታንጎራጉረውን የኦሮምኛ ዘፈን ነው። አባቷ ይህን ዘፈን ኃጢአት ነው ማለት እንደማይሆንላቸው ታውቃለች።

ዓርብ ለልምምድ መጣች። በመካከለኛው መነሻ ጀመርኩላት። መጀመሪያው ያምር ነበር፤ ከፍ የሚለው ቦታ ሲደርስ ድምፅዋ ቀጠነና ተቆረጠ።

«መምህር፣ ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ፤ እዚህች ጋ ጉሮሮዬን ያንቀኛል» አለችኝ።

ወደ ዝቅተኛው ወረድኩ። አሁን ደግሞ መጀመሪያው መሬት ለመሬት ሆነ፣ ከፊት ወንበር እንኳ አይሰማም።

«ይሄ በዛ። መሀሉ የለም? ከበፊቱ ሁለት ቁልፍ ብቻ ዝቅ።»

አለ። ጥቁሮቹ ያሉበት ነው። «አላውቅበትም» ማለት ነበረብኝ፤ ሁለት ቃል እንኳ አይሞላም። «ሲስተር፣ ችግሩ ከፍታው አይደለም» አልኳት። «ፈርተሽ ነው። ሆድሽን ነፋ አድርገሽ ሞክሪ፣ ማር በሙቅ ውሃ ጠጪበት፣ ይወጣልሻል።» አመነችኝ። ሐኪም የምትሆነው እሷ፣ መድኃኒት የማዘው እኔ።

በዚያው ዕለት ቤቴ ገብቼ ሞከርኩት። ጣቶቼ እምቢ አሉ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ነበረኝ፤ ጠዋት ግን ጓደኞቼ ጉደር እንሂድ ብለው መጡና ሄድኩ። ወንዙ ዳር ሥጋ በላን፣ ሳቅን፣ ተኛን። ያቺን ቅዳሜ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

እሑድ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አባቷ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ፣ ካድሬው በለቀቀው የፊት ወንበር ተቀመጡ። የሚያልፈው ሁሉ «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ» እያለ በሰላምታ እጅ ይነሣቸዋል፤ የሲስተር አባት መሆናቸው ታውቋል። አፏ እንዳይደርቅ ቶሎ አስወጣኋት። እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር ሁሉ አሳምሬ ነው ያደረግኩላት።

በመካከለኛው መነሻ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹን ስንኞች ስትዘፍን የሽማግሌው ፊት ሲለሰልስ አየሁ። እጃቸው ሳያውቁት ጉልበታቸው ላይ ይመታ ጀመር፣ ልክ የቅል መናጫ በሚወዛወዝበት አመታት። ከዚያ ከፍ የሚለው ቦታ መጣ። ድምፅዋ ተቆረጠ። ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደገና ሞከረች፣ እንደገና ተቆረጠ። በሦስተኛው ብልህ ነገር አደረገች፤ እኔን ትታ በራሷ ልክ ዝቅ ብላ ቀጠለች። ያን ጊዜ እጄን ከአኮርዲዮኑ ባነሣ ኖሮ ሁሉም ነገር ይስተካከል ነበር፤ አዳራሹ በጭብጨባ ይቀበላት ነበር፣ ዘፈኑን የማያውቅ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ደነገጥኩና ወናፉን በኃይል ሳብኩት። የእኔ ድምፅ በአንድ በኩል፣ የእሷ በሌላ በኩል ሄደ። ማይክራፎን ላይ ያለ ሰው ነው የሚፈረድበት፤ ከኋላ ወጣቶች ሳቁ። ማይክራፎኑን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

አባቷ ተነሡ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ኢንተላ ኮ፣ ማል ታቴ?» አሏት፤ ልጄ፣ ምን ሆንሽ ማለታቸው ነው። ልጅ ወድቆ ሲነሣ በሚጠየቅበት ድምፅ ነበር የጠየቋት። እጇን ይዘው ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሏት፤ አጠገቤ የነበረው የባንክ ጸሐፊ ተረጎመልኝ። «ተዪው፣ ከእንግዲህ በዚህ አትድከሚ» ነው ያሏት።

ማክሰኞ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። ልትወቅሰኝ መስሎኝ ከመምህራን ክፍል ወጣሁ።

«መምህር፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለች። «በሰው ፊት አሳፈርኩህ። ድምፄን ሳላውቀው ነው የደፈርኩት። ለኪነት ቡድኑም አልሆንም ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።»

ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ «ምንም አይደለም ሲስተር፣ ያጋጥማል» አልኳት። ይቅርታዋን ተቀበልኳት። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው፤ እሑድ ያደረግኩት ድንጋጤ ነበር፣ ማክሰኞ ያደረግኩት ግን አስቤበት ነው።

ጥቁሮቹን ቁልፎች ከዚያ በኋላ ተማርኳቸው። ሁለት ሳምንት ነው የፈጀብኝ። ሁለት ሳምንት! በየወሩ በዝግጅቱ እሑድ በር በሩን አይ ነበር፤ አልመጣችም፣ ብዙም ሳትቆይ ተዛወረች አሉኝ። ሄዶ መፈለግ ይቻላል፤ ምዕራብ ሸዋ ሰው የሚጠፋባት አገር አይደለችም። አልፈለግኳትም።

ከስድስት ዓመት ያህል በኋላ ለፈተና ተቆጣጣሪነት ባኮ ተላክሁ። ባኮ ቆላ ናት፤ በሦስተኛው ቀን ወባ ይሁን ምን ብርድ ብርድ አለኝና ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ከክፍሉ ውጪ አግዳሚ ላይ ተራዬን ስጠብቅ ከውስጥ እንጉርጉሮ ሰማሁ። የሚያለቅስ ሕፃን እያባበለች መርፌ የምትወጋ ሴት ነች። ያው ዘፈን ነበር። ከፍ የሚለው ቦታ ደረሰ፣ አለፈችውም፤ ምንም ሳይከብዳት፣ ሙሉ ሆኖ። ጣቶቼ ሳላዝዛቸው ጉልበቴ ላይ መነሻውን ፈለጉት። ሁለት ቁልፍ ዝቅ፣ ልክ እንዳለችው።

ስገባ አወቀችኝ። «መምህር!» ብላ ተነሥታ ጨበጠችኝ፣ ሙቀቴን ለካች፣ ስለ አምቦ ጠየቀችኝ። አባቷን ጠየቅኳት፤ ባለፈው ዓመት አርፈዋል። «እስኪሞት ድረስ ያን ቀን ታመሽ ነበር ወይ ይለኝ ነበር» አለችና ሳቅ አለች። «አይ፣ ድምፄ ነው እለዋለሁ።»

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። ስለ ነጮቹና ስለ ጥቁሮቹ ቁልፎች፣ ስለ ጉደር፣ ሁሉንም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ድምፅሽ ምንም አልነበረበትም፣ በዚያ መነሻ መጫወት አልችልም ነበር አልኳት። ትኩሳት ስለነበረኝ ይሆናል የደፈርኩት። ጣቴን ወግታ የደም ናሙናውን በመስታወቱ ላይ እያሰፋች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ እጇ አንድ ጊዜ ብቻ ቆም አለ።

ይቅርታህን ተቀብያለሁ አላለችም፣ አልቀበልም አላለችም። ጥጡን ሰጥታኝ ጣቴን እንድጭነው አሳየችኝ።

«ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ፣ መምህር፣ ለአባቴ ያለ አኮርዲዮን እዘፍንለት ነበር» አለች።

ከዚያ ወደ በሩ ዞር ብላ የሚቀጥለውን ተረኛ ጠራች።