የተቀባው ምላስ

ያን ቀን በዚያ ክፍል የነበርነው እኔ፣ ገና ክርስትና ያልተነሣው ልጄ፣ ከበየዳ የመጡ አንዲት አሮጊት፣ ነርስነት ትማር የነበረች የደባርቅ ልጅና የአምባ ጊዮርጊስ እህል ነጋዴ የሆነች ሴት ነን። በሩ ላይ ደግሞ ተረኛዋ ሴት ፖሊስ ነበረች። የማንንም ስም አልጽፍም። የአሮጊቷን ግን ልጻፍ ብልም አልችልም። እማማ፣ እማማ እያልን ስማቸውን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

እኔን ከዳባት ወደ ደባርቅ የወሰዱኝ በአራስነቴ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀበት ዓመት ነበር። ወንድምሽ የት ገባ አሉኝ፤ አላውቅም አልኳቸው፤ እውነቴን ነው። የሚጠይቀኝ ሰው አንዴ ስለ ወንድሜ ይጠይቃል፣ አንዴ ሰምቼው ስለማላውቅ ስብሰባ ይጠይቃል። ምን ብመልስ ወደ ቤቴ እንደሚሰደኝ ግራ ገባኝ። ዝም ስል ደበቅሽ ይለኛል፣ ስናገር ዋሸሽ ይለኛል።

ክፍሉ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። የገብስ ብናኝ ከግድግዳው አልወጣም፤ ልብሳችን ሁሉ እሱን እሱን ይሸታል። ጠዋት የደባርቅ ጉም በበሩ ሥር ገብቶ ወለሉ ላይ ይተኛል። እማማ ከመጣሁ ጀምሮ ከጎኔ አልተለዩም። "አራስ ብቻዋን አትተውም" ይላሉ። ለምን እንደታሰሩ ብጠይቃቸው፣ "ሽፍታ አብልተሻል ብለውኝ ነው። እኔ ያበላሁት እንግዳ ነው። ሽፍታ መሆኑን በምን ልወቅ? እንጀራው አልነገረኝ" ብለው ሳቁ። ሲስቁ በሙሽርነታቸው የተነቀሱት ጥቁር ድዳቸው ይታያል።

ልጄ ጡት እንቢ ያለው እዚያ ነው። ይጎርስና አንድ ሁለቴ ስቦ ፊቱን አዙሮ ያለቅሳል። አፉን ከፍቼ ባይ ምላሱና የጉንጩ ውስጥ እርጎ የተቀባ ይመስላል። ወተት መስሎኝ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። አልለቅ አለ። ጠበቅ ሳደርገው ከሥሩ ደም ብቅ አለ። የእኔም የጡት ጫፍ በርበሬ እንደነካው ያቃጥለኝ ነበር፤ ከብርዱ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

እማማ ልጁን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት።

"እንጥሉ ነው። ወርዶበታል። ካልተቆረጠ አይጠባም።"

በየዳ ውስጥ የሕፃን እንጥል የሚቆርጡት እሳቸው ነበሩ። እጃቸው የማይንቀጠቀጥ፣ ሲናገሩ የማይጠራጠሩ ሴት ናቸው። እኔም እናቴ ያስቆረጠችኝ ነኝና አመንኳቸው።

ተማሪዋ ግን ጠጋ ብላ አየችና፣ "እማማ፣ እንጥል አይደለም፤ ፈንገስ ነው። ሻጋታ እንደማለት" አለች።

"ሻጋታ? ልጁ ዳቦ ነው?" አለች ነጋዴዋ፤ እማማም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

"ጡትሽ ያቃጥልሻል?" አለችኝ ተማሪዋ።

ለማንም አልተናገርኩም ነበርና ደነገጥሁ። አዎ አልኳት።

"ከእሱ አፍ ወደ ጡትሽ፣ ከጡትሽ ወደ እሱ አፍ ይመላለሳል። ሁለታችሁም ካልታከማችሁ አይለቅም። ዳግመኛ እንዳትፍቂው፣ ይቆስላል። ጤና ጣቢያ የሚቀባ ሐምራዊ መድኃኒት አለ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"የተማርኩት እንደዚያ ነው" አለች። "ሕፃን ላይ ሲደረግ ግን ያየሁት አንድ ጊዜ ነው።"

እንዲህ ባትለኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። አንዷ የብዙ ልጅ እንጥል ቆርጣ አትጠራጠርም፤ አንዷ ተምራ ትጠራጠራለች። አርባው ቀርቧል። ልጄ ክርስትና ሳይነሣ ቢሞትብኝስ? ሌላው ሐሳቤ ሁሉ ጠፍቶ ይቺ ብቻ ቀረችኝ።

ሴቷ ፖሊስ ለቅሶውን ስትሰማ አርፍዳለች። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ "ተረኛነቴ ሳያልቅ አንድ ነገር ላመጣልሽ እችላለሁ። ምን ላምጣ?" አለችኝ።

"የፈረስ ጭራ" አሉ እማማ። "እንጥሉን አስሬ ለመቁረጥ አንድ ዘለላ ይበቃኛል። ደባርቅ ፈረስ ሞልቷል።"

"መድኃኒቱን" አለች ተማሪዋ።

"እናቱ አንቺ ነሽ" አለችኝ ፖሊሷ። "እኔ የማንንም ክርክር አልሰማም።"

ያ በነጠላዬ ላይ የቀረ ደም ታየኝ። ተቆርጦ አፉ እየደማ አርባው ቢደርስ ቄሱ ሊያቆርቡት አይችሉም። እንጥሉም ይሁን ሻጋታው ገብቶኝ አይደለም፤ ደሙን ፈርቼ "መድኃኒቱን" አልኩ።

እማማ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ፖሊሷ ይዛ የተመለሰችው ትንሽ ጠርሙስ ነው። ጽሑፍ የለበትም። ውስጡ ያለው ቀለም ከመጥቆሩ የተነሣ ሐምራዊ አይመስልም። በእጄ ይዤው ቀረሁ።

"አስሮሽ ሲያበቃ መድኃኒት የሚያመጣልሽ ምን ዓይነት ጠላት ነው?" አለች ነጋዴዋ። "እኔ ብሆን በዶሮም አልሞክረው።"

ተማሪዋ አሸተተችው። "እሱው ይመስለኛል" አለች።

ይመስለኛል አለች። ልጁ ለቅሶው እንኳ እየደከመ ነበር።

ያኔ እማማ ከግድግዳው ዞሩ። ተነሥተው ተማሪዋ ፊት ተቀመጡና አፋቸውን ከፈቱ።

"በይ፣ ቀቢኝ።"

"እማማ፣ እርስዎን አላመመዎትም እኮ።"

"ድዴን በሙሽርነቴ አጥቁረውልኛል። የቀረው ምላሴ ነበር። ቀቢኝ አልኩሽ!"

ተማሪዋ ጣቷ ላይ ጥጥ ጠቅልላ ቀባቻቸው። ምላሳቸው ሐምራዊ ሆነ። እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ እኛም ዙሪያቸውን ከበን አፍ አፋቸውን ስናይ ቆየን።

"ምን ይሰማዎታል?" አልኳቸው።

"ይመርራል። የመንግሥትን ያህል ግን አይመርርም።"

ነጋዴዋ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ጉሙ ተገፎ ፀሐይ በበሩ ስንጥቅ እስክትገባ እማማ ምንም አልሆኑም። ከዚያ ተማሪዋ መድኃኒቱን በውኃ አቀጠነችው። የልጄን ጭንቅላት የያዙት እማማ ናቸው። የልጄን አፍ ቀብታ የእኔንም የጡት ጫፍ ቀባችኝ። እማማ ግን እሷ ስትጨርስ በጆሮዬ፣ "አሁንም እንጥሉ ነው እላለሁ" አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት እማማን ሊወስዷቸው መጡ። ልጁ ገና አልጠባም። የመጣው ሰውዬ አፋቸውን አይቶ ክው አለ።

"ምን ጠጥተሽ ነው?"

"ቀለም ሳልቆጥር ጃጀሁ። ለዛሬው ጥያቄያችሁ ይበጀኛል ብዬ ጠጣሁት።"

"ተነሺ፣ ውጪ!"

አልተነሡም። "እኔ ስወጣ አራሷ ጋ ማን ይቀመጣል?"

"ክፍሉ ሙሉ ሰው አይደለም እንዴ?"

"ሰውማ ሞልቷል። እኔ የምጠይቀው የሚቀመጠውን ነው።"

ሰውዬው ወደ እኛ ዞረ። ተማሪዋ "እኔ አለሁ፣ እማማ" ብላ ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች። እሷ እስክትቀመጥ ጠብቀው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ማንም ሳይነካቸው ወጡ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

ልጄ ቀስ በቀስ ነጩ ለቀቀውና ጡት ያዘ። ጡቴም ማቃጠሉን ተወኝ። እኔን ለምን እንደፈቱኝ አልነገሩኝም፤ ለምን እንዳሰሩኝም እንደዚያው። ክርስትናውን ያነሣሁት ከአርባው ዘግይቼ ነው፤ ቄሱ ምክንያቱን ስነግራቸው አልተቆጡኝም። ቅዱስ ቁርባኑን ሲቀበል አፉ ንጹሕ ነበር።

አሁን ጤና ጣቢያ ስጠይቅ የማያቀልም ጠብታ አለ ይሉኛል፤ ለእናቲቱም ቅባት ይሰጣታል፤ ዋናው ሁለቱ አብረው መታከማቸው ነው አሉኝ። ተማሪዋ ልክ ነበረች። ያልገባኝ የእማማ ነገር ነው። በመድኃኒቱ አላመኑም፤ መርዝ ይሁን አይሁንም አላወቁም። እንደ ተቀየሙኝ ነው ምላሳቸውን የሰጡኝ። ልጄ ሲስቅ አፉን ሳየው ይሄው ጥያቄ ይመጣብኛል፣ መልሱ ግን አይመጣልኝም።

በየዳ ያላችሁ ወይም ወደዚያ የምትሄዱ፣ ድዳቸው የተነቀሰ፣ የሕፃን እንጥል ይቆርጡ የነበሩ፣ እንግዳ በማብላት ደባርቅ የታሰሩ አሮጊት ታውቁ እንደሆነ እባካችሁ ወሬያቸውን ስደዱልኝ። በሕይወት ካሉ ልጁ ጡት መያዙን ንገሯቸው፤ ሳይሰሙ ነው የሄዱት። ካረፉም የት እንዳረፉ ንገሩኝ።