ማንም ገንዘብ ያላወጣበት ወር

ማርያማዊት ወልደተንሣኤ የአንኮበር ቄስ ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን ተምራ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ከተማ በሆነ ትንሽ ባንክ ዕቅድ ክፍል ተቀጠረች። ከልጅነቷ ፈሪ ናት። ስልክ በድንገት ሲጮህ ትደነግጣለች፣ ቤቷን ቆልፋ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ቁልፉን ትነካካለች። የሥራ ባልደረቦቿ በዚህ ይስቁባታል።

ባንኩ አዲስ የዕቅድ ሶፍትዌር ሲገዛ ከባዱ ሥራ እሷ ላይ ወደቀ። ሶፍትዌሩ የመጪዎቹን ዓመታት ገቢና ወጪ አስቀድሞ ያሰላል፤ የሰውን ጠባይ ግን ከራሱ አያውቅም። ከአስቀማጩ ስንቱ ገንዘቡን ያወጣል፣ ስንቱ ይተወዋል፣ ስንቱ ተበዳሪ ከቀኑ ቀድሞ ይከፍላል የሚለውን ግምት ሰው ነው የሚሞላለት። ባንኩም በዚያ ግምት ተመርቶ ያበድራል። አይወጣም የተባለው ገንዘብ ለብድር ይሄዳል። የገንዘቡ ባለቤቶች ድንገት ቢመጡ ካዝናው ባዶ ነው። ማርያማዊት ይህን እያሰበች እያንዳንዱን ግምት ሁለት ሦስቴ ትፈትሻለች።

ያለፉትን ዓመታት መረጃ ስትጭን፣ ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው የነጋዴዎች ከተማ የአሊዩ አምባ ቅርንጫፍ ከሁሉም ተለይቶ ወጣ። መንገድ በተዘጋበት፣ ተኩስ በሚሰማበት ወር የሌላው ቅርንጫፍ ደንበኛ ገንዘቡን ሲያወጣ፣ በአሊዩ አምባ አንድም ብር አልወጣም። ሶፍትዌሩም የዚያ ቅርንጫፍ ቁጠባ ለዓመታት የማይነቃነቅ ነው ብሎ ሐሳብ አቀረበ።

የባንኩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ዘርአ ዳዊት ከአዲስ አበባ ተዛውሮ ከመጣ ገና ዓመቱ ነው። ደስ አለው።

«ይኸውልሽ! ነጋዴዎቹ አይደነግጡም። በዚህ ገንዘብ የዱቄት ፋብሪካው የጠየቀውን ብድር እንለቃለን። ግምቱን አጽድቂው።»

«ትንሽ ቀን ይስጡኝ» አለች።

እሷ ብትሆን ተኩስ ስትሰማ መጀመሪያ የምታስበው ገንዘቧን ነው። አንድ ከተማ ሙሉ ሰው ከእሷ ይህን ያህል ይለያል?

በማግሥቱ ሰዎቹን ራሷ ልትጠይቅ ወደ አንኮበር በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። መሃል መንገድ ላይ የታጠቁ ሰዎች መኪናውን አስቁመው መታወቂያ ማየት ጀመሩ። የማርያማዊት መታወቂያ ከእጇ ወደቀ። ታጣቂው አንስቶ ሰጣትና ምንም ሳይላት አለፈ። ከአንኮበር በሌላ መኪና ቁልቁለቱን ወደ አሊዩ አምባ ወረደች።

አሊዩ አምባ ገበያ ውስጥ በርበሬና ጨው የምትሸጥ ነሲባ የምትባል ሴት የቅርንጫፉ የቆየች ደንበኛ ናት። ማርያማዊት ቀርባ ጠየቀቻት።

«ወይዘሮ ነሲባ፣ መንገዱ የተዘጋ ጊዜ ገንዘብዎን ለምን አላወጡም?»

ነሲባ በርበሬ ከመስፈሩ አቋርጣ አየቻት። «ከማን ላውጣ ልጄ? ባንካችሁ እኮ ወሩን ሙሉ ተዘግቶ ነበር። ኔትወርኩም የለ፣ ሠራተኛውም ሸሽቷል። ጠዋት ጠዋት እየመጣን በሩን ስንደበድብ እንውል ነበር። ወላሂ፣ ያን ጊዜ ቢከፈት አንዲት ሳንቲም አልተውላችሁም።»

መዘጋቱ በመረጃው ላይ አልተመዘገበም ነበር። ሶፍትዌሩ እርጋታ ብሎ ያነበበው የተቆለፈ በር ነበር።

ተመልሳ ለአቶ ዘርአ ዳዊት ነገረችው። «ቦርዱ ብድሩን እየጠበቀ ነው» አለ፤ እሱም ፈርቷል። «በፍርሃት ባንክ አይመራም፣ ማርያማዊት።»

«ያንን ወር ከስሌቱ አውጥቼ፣ በክፉ ቀን ሁሉም እንደሚመጣ አድርጌ ነው የሞላሁት። ካልተስማሙበት ሌላ ሰው ይሙላው፤ እኔ ግን እጄን አላስገባም» አለች።  ከቢሮው ስትወጣ ሥራዋን ያጣች መስሏት ዕቃዋን ሰበሰበች።

አላባረራትም። ሁለት ቀን ሲያንገራግር ሰንብቶ ግምቱን እንዳለ ለቦርዱ አቀረበ። ቦርዱም አጉረምርሞ ብድሩን በግማሽ ቀነሰው።

ክረምቱ እንደወጣ መንገዱ እንደገና ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ነፈሰ። ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም። በአንድ ጠዋት የአሊዩ አምባ ቅርንጫፍ ደጃፍ በሰው ተሞላ። አቶ ዘርአ ዳዊት ለብድር ካልወጣው ገንዘብ አስጭኖ ማርያማዊትን አብራ እንድትወርድ አዘዛት። አልሄድም ማለት ፈለገች፤ ሄደች።

ሰልፉ ላይ የሚጮህ ሰው አልነበረም፤ እሷን ያስፈራት ይኸው ዝምታ ነው። ሁሉም የፊቱን ሰው ጀርባ እያየ በዝግታ ይጠጋል። ከሰዓት በኋላ ካዝናው እየሳሳ ሲመጣ ገንዘብ ከፋዩ ቀና ብሎ አያት፤ «ክፈል» አለችው። ቅርንጫፉ እስኪዘጋ ሳይከፈለው የተመለሰ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ ነሲባን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ያወጣችውን ገንዘብ በነጠላዋ ጠቅልላ ሆዷ ላይ ይዛለች።

«ምነው ወደ ቤት አልሄዱም?»

«ሰው ሁሉ ሳወጣ አይቶኛል» አለች ነሲባ በሹክሹክታ። «ቤቴ ብቻዬን ነኝ። አሁን ደግሞ የት አባቴ ላድርገው?»

 ማርያማዊት ክንዷን ይዛ አስነሣቻትና በገበያው ጥግ አብረው ሄዱ። ከኋላቸው ኮቴ በተሰማ ቁጥር ሁለቱም ይቆማሉ፤ አላፊው ሲያልፋቸው ደግሞ ይራመዳሉ። ቤት ሲደርሱ ነሲባ ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረች፣ ቀጥሎም ከባድ ነገር እየጎተተች ስታስደግፍበት ተሰማ።

መንገዱ አልተዘጋም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ነሲባ ከገንዘቧ ከፊሉን መልሳ አስቀመጠች። ማርያማዊት ስልክ ደውላ ሌላውን ለምን እንዳስቀረች ጠየቀቻት።

«ሌባም እፈራለሁ፣ እናንተንም እፈራለሁ» አለች ነሲባ። «ምን ላድርግ፣ ልጄ?»

ማርያማዊት ስልኩን ዘግታ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ከወጣው ገንዘብ ስንቱ ይመለሳል የሚለው ቦታ ገና ባዶ ነበር። ቁጥር ጻፈች፣ አጠፋችው፣ ከዚያ ያነሰ ጻፈች።