የሌላ ቤት ማዳመጫ

ባሌን ሰፈሩ "ማጉያው" ይለዋል። ሲያወራ የሚሰማው ሰው ሁሉ ከመንገድ ማዶ የቆመ ይመስለዋል። ጠዋት በራችን ላይ ቆሞ "ደህና ዋይ" ሲለኝ "አሜን" የሚሉት ከላይ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች ናቸው። እሱ ግን ይህን ስሙን አያውቀውም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እኔ ደግሞ የምሠራው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ቤተ መጻሕፍት ነው። ቀኑን ሙሉ ልጆችን "ዝም በሉ" ስል ውዬ ማታ ከዚህ ሰውዬ ጋር ራት እቀርባለሁ። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ እኛን የቀዳን ባልዲ ግን ሳይሳሳት አልቀረም።

ብረት ሠራተኛ ነው። በር፣ መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ፣ አጥር፣ ሰው ያዘዘውን ሁሉ ይሠራል። ጢም ሳያወጣ የገባበት ሙያ ነው፤ አሁን ጢሙ ሸብቷል። ብረት መቁረጫው ሲነሳ ድምፁ ጥርስ ድረስ ይሰማል። የጆሮ መከላከያ ተሰጥቶት ነበር፤ "ብረቱን ካልሰማሁት እንዴት አድርጌ እቆርጠዋለሁ?" ብሎ ምስማር ላይ ሰቀለው። እዚያ ብረት መሥሪያ ቤት ውስጥ በአፉ የሚናገር የለም፤ ሁሉም በእጅ ነው። መዳፍ ተዘርግቶ ዝቅ ካለ ማሽኑን አጥፋ ነው፣ አውራ ጣት አገጭ ላይ ካረፈ አለቃው መጣ፣ ሆድ መታ መታ ከተደረገ ምሳ። ሐሜት ሳይቀር በእጅ ያማሉ። አንድ ቀን ድንገት ስገባ ስለ እኔ በጣት ሲነጋገሩ ደርሼባቸዋለሁ፤ ምን እንዳሉ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

እኔንም ለትዳር የጠየቀኝ በእጁ ነው። የቤተ መጻሕፍቱን መስኮት ሊገጥም መጥቶ አፉን ገና ሲከፍት "ዝም በል" አልኩት። ዝም አለ። መስኮቱን ገጥሞ እስኪጨርስ ድረስ ከመሰላሉ ላይ በእጁ ሲያወራኝ ዋለ፤ ምን እንደሚል ባላውቅም ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እንዲህ ያለ ዝምተኛ ሰው አየሁ ብዬ አገባሁት።

ልማዱን ቤት ይዞት መጣ። ልጃችን "አባዬ" ማለት ሳትችል ምሳ ማለት በእጇ ትችል ነበር። ካደገችም በኋላ አባትና ልጅ ፊት ለፊት እየተያዩ በእጅ ሲሳሳቁ ባዳዋ እኔ ነበርኩ። ድምጿ ቀጭንና ዝግ ያለ ነው። እሱ "አፍሽን ሞልተሽ ተናገሪ እንጂ፣ ምን ታንሾካሹኪያለሽ?" ይላታል፣ እሷ በእጇ ትመልስለታለች፣ ያልቃል። ቀልድ ነበር። ለሥራ ሌላ ከተማ ከሄደች በኋላ ግን ቀልድነቱ ቀረ። ስልክ እጅ የለውም። በቪዲዮ እንዳይነጋገሩ ደግሞ "አፍንጫዬን ብቻ ነው የሚያሳየው" ብሎ አሻፈረኝ አለ። እያደር ከሰላምታ በላይ መነጋገር አቃታቸው። "ምን አልሽ? ምን አልሽ?" ይልና ስልኩን ለእኔ ያቀብለኛል።

ነገሩ የከረረው የልጅቷ ሠርግ የፈረሰ ቀን ነው። ለሠርጉ ሽር ጉድ እየተባለ ሳለ እጮኛዋ ጥሏት ሄደ። እንዲህ ያለው ነገር ለእናት ይነገራል ብዬ አስብ ነበር፤ እሷ የደወለችው ለአባቷ ነው። እያለቀሰች "አባዬ፣ ተለያየን" አለችው። እሱ ሥራ ላይ ነው፤ የሠርጉን ቀን የነገረችው መሰለው። "እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! እኔም ይሄንኑ ነበር ስጠብቅ የኖርኩት" አላት፣ በዚያ ድምፁ። ጆሮው ላይ ዘጋችበት። እሱ መስመሩ የተቆረጠ መስሎት ለባልደረቦቹ ሁሉ ለስላሳ ጋበዘ።

ማታ ከእሷ አፍ ስሰማ ክው ብዬ ቀረሁ። ወደ እሱ ዞሬ ስነግረው እሱም ክው አለ፤ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ማሽኑ ነው አለ። ማሽኑ ነው እንጂ እሱ በልጁ ሐዘን እንደማይደሰት ማለልኝ፤ እኔም ይህንኑ ለልጅቷ ነገርኳት። ግማሽ አመነችኝ፣ ግማሽ አላመነችኝም። ለእሱ መደወሏን ግን ተወች፤ ሰውዬው እህል እየጎረሰ የሚያላምጠውን ይረሳ ጀመር።

ብዙ ከቆየ በኋላ ከልጃችን አንድ ትንሽ ዕሽግ መጣ። ውስጡ ነጭ ሳሙና የምታህል ሣጥን አለች፤ ስትከፈት ሁለት ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫዎች ተኝተውባታል። የውጭውን ጫጫታ የሚያጠፉ ናቸው። ራሷ ትጠቀምባቸው የነበሩ ናቸው፤ ከጆሮዋ አውጥታ ነው የላከችለት። በስልክ ያለችኝን አልረሳውም።

"እማዬ፣ ከእንግዲህ ማሽን የሚባል ሰበብ የለም" አለችኝ። "ይሄን አድርጎም ካልሰማኝ፣ ሊሰማኝ አልፈለገም ማለት ነው። ያኔ ይቅር፤ አልለምነውም።"

ሣጥኗ አስታራቂ ሽማግሌ ሆና ቤታችን ገባች። ልጅቷ ግን ያላሰበችው ነገር ነበር። የእሷ ስልክና ማዳመጫው የአንድ ኩባንያ ልጆች ናቸው፤ የአባቷ ስልክ የተቀናቃኙ ነው። ሁለቱ ኩባንያዎች ደግሞ እንደ ጣውንት ነው የሚተያዩት። ክዳኑን ስትከፍተው የማዳመጫው ሥዕል በራሱ ስልክህ ላይ ይመጣል ብላ ነበር የጻፈችለት። ከፈተ፤ ምንም አልመጣም። ዘጋ፣ ከፈተ፣ ነቀነቀ፣ እፍ አለበት። ከሣጥኗ ጀርባ ያለችውን ቁልፍ መነጽሬን አድርጌ ያገኘሁት እኔ ነኝ። መብራቷ ብልጭ ብልጭ እስክትል ተጭኜ ያዝኩ፣ ብሉቱዝ ውስጥ ገብቼ ስሟን ፈለግሁ፣ ተገናኙ።

ተገናኙ እንጂ አልተዋደዱም። ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው ስልኩ አይናገርም። ማዳመጫውን ከጆሮው ቢያወጣው ስልኩ አያውቅም፤ ወሬውን ለኪሱ ማውራቱን ይቀጥላል። ጫጫታ ማጥፊያውም ስልኩ ላይ የለም፤ የማዳመጫውን ጭራ ቆንጠጥ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው። እሱ ግን ደስ ብሎታል። ማሽን እየጮኸ ልጁን ሊሰማ ነው። ሌሊቱን ሣጥኗን ትራሱ ሥር አድርጓት አደረ።

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። እንደነገረኝ፣ መቁረጫው እየጮኸ ጭራውን ቆነጠጠው፤ ማሽኑ ሌላ ሰፈር ሄደ። ብረቱ ሲቆረጥ ያየዋል፣ እሳቱ ይበተናል፣ ድምፁ ግን የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ነው ፉጨቱ የመጣው። ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ተጥዶ እንደተረሳ ማንቆርቆሪያ። ማዳመጫውን ሲያወጣው ማሽኑ ብቻ፤ ሲመልሰው ፉጨት። ስለዚህ ፈረደ። ማዳመጫው ከስልኩ ጋር አልተስማማም፣ የሚያፏጨው ጠባቸው ነው አለ።

"የሌላ ቤት ዕቃ፣ የሌላ ቤት ዕቃ ነው" አለኝ። አነጋገሩ አሳመነኝ፤ ጣውንት በሰላም የሚያድርበት ቤት የት አለ።

ያን ዕለት ማታ ልጅቷ ደወለች። ማዳመጫውን አድርጎ፣ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቃት ነበር። እሷም በደህና ጀመረች፤ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ተከራየችው ክፍል። ጥቂት ታገሠ፤ ከዚያ አልቻለም። ያፏጫል አላት። ጮክ በይ፣ ምን ታንሾካሹኪያለሽ አላት። ስልኩን ለእኔ እንዲያቀብለኝ ነገረችው፤ እሱንም ደጋግማ ተናግራ ነው የገባው።

"የኔ ጆሮ ላይ አንድም ቀን አፏጭቶ አያውቅም፣ እማዬ" አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም። ያስደነገጠኝም ይኸው ነው። የተቆጣ ሰው ይመለሳል፤ ይቺ ልጅ ግን ሰነባበተች አልኩ በሆዴ።

ጠዋት ከሥራ አስፈቅጄ ባሌን እጁን ይዤ የሰፈራችን ስልክ ሠሪ ጋ ወሰድኩት። ስልክ ሠሪው ድሮ ቤተ መጻሕፍቴ ይመጣ ነበር፤ መጽሐፍ ከማንበብ ይልቅ የጠረጴዛውን መብራት ሲፈታ ነበር የምይዘው። አሁን የልጆች አባት ነው። ባሌ ክሱን አሰማ፤ ሱቁ ውስጥ የነበሩ ደንበኞች ሁሉ ሰሙ፣ ውጭ ያሉትም ሳይሰሙ አልቀሩም።

ስልክ ሠሪው ማዳመጫውን ጠራርጎ ጆሮው ውስጥ ከተተው፣ ጭራውን ቆነጠጠ፣ አዳመጠ። አያፏጭም አለ። እኔም ሞከርኩት። ጸጥታ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቴ እንኳ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ባሌ በሁለታችንም ሳቀ። ስልክ ሠሪው የባሌን ስልክ ጨርሶ አጠፋውና ማዳመጫውን መልሶ ሰጠው። ባሌ አሁንም ያፏጫል አለ። ስልክ ሠሪው ጫጫታ የሚያጠፋው ማዳመጫው ራሱ እንደሆነ፣ በዚህ ሥራ ስልክ የማንም ይሁን የማንም እንደማይገባበት አስረዳን። ከዚያ ባሌን ትኩር ብሎ አየውና ወደ ጓዳ ጠራን።

ጓዳው እስከ ጣሪያው ባዶ ካርቶን የተደረደረበት የዕቃ ክፍል ነው። በሩን ዘጋ፣ ማራገቢያውን አጠፋ። ማዳመጫዎቹን ከባሌ ጆሮ በገዛ እጁ አውጥቶ ሣጥኗ ውስጥ ከተታቸው፣ ክዳኗን ገጠመ። ማንም ምንም ሳይናገር ትንሽ ቆየን።

"አሁንስ፣ ጋሼ?"

ባሌ ሣጥኗን አየ፤ ተዘግታለች። እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ፤ ባዶ ነው። "ያፏጫል" አለ።

እኛ ቤት ዝምታ ገብቶ አያውቅም። ቀን መቁረጫው አለ፣ ማታ ቴሌቪዥኑ አለ፣ ሬዲዮ ሳይከፈትለት ደግሞ እንቅልፍ አይወስደውም። ፉጨቱ ከውስጡ ስንት ዓመት ሲያፏጭ እንደኖረ ማን ያውቃል። እሱ ቆሞ ሣጥኗን ያያታል፤ ክሱን አንስቶ የሚጥልበት ሰው ያጣ ይመስላል።

ስልክ ሠሪው የራሱን ስልክ አወጣ፤ የማዳመጫው ወገን ነው። ክዳኗን ሲከፍት ልጅቷ የጻፈችለት ሥዕል ወዲያው ብቅ አለ። ውስጡ የባሌ ስልክ አሳይቶን የማያውቀው ብዙ ነገር አለ፤ አንዱ የጆሮ መፈተኛ ነው። ሐኪም አይተካም፣ ግን ይጠቁማል አለን። ማዳመጫውን አድርገው ድምፅ በሰሙ ቁጥር የስልኩን መስታወት መንካት ነው። ባሌ እንዳይፈራ ብዬ እኔ ቀደምኩ። ወፍራም ድምፆች አሉ፣ ቀጫጭን አሉ፣ ከጎረቤት ግቢ እንደሚሰማ ጫጩት የደከሙ አሉ። አብዛኞቹን ነካሁ።

ተራው ደረሰ። ካርቶን ላይ ተቀመጠ፣ ጣቱን ከመስታወቱ በላይ አዘጋጀ። መጀመሪያ ነካ፣ ነካ፣ ነካ አደረገ። ከዚያ ጣቱ አየር ላይ ቀረ። እኔ አሁን የሄድኩበት መንገድ ስለሆነ ምን እየተሰማ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጫጩቶቹ ናቸው። ንካ፣ ንካ እላለሁ በሆዴ። አልነካም። ቀና ብሎ አየኝ።

"ቆመ እኮ" አለኝ። "ይሄም ተበላሸ፤ ንገሪው።"

ስልክ ሠሪውን አየሁት። ስልኩን ጎንበስ ብሎ ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ። አልቆመም።

ሲያልቅ መስመሮች ያሉት ሥዕል መጣ። በግራ በኩል ከፍ ብለው ይጀምሩና ወደ ቀኝ ሲሄዱ እየወረዱ፣ እየወረዱ ከታች ይተኛሉ። ስልክ ሠሪው ከባሌ ፊት ለፊት ሆኖ፣ ቀስ እያለ አስረዳው። በግራ ያለው ወፍራሙ ነው፣ የወንድ ድምፅ፣ የመኪና ሞተር። በቀኝ ያለው ቀጭኑ ነው፣ የወፍ፣ የሕፃን። ከመስመሩ በላይ ያለውን ደካማ ድምፅ ሁሉ ጆሮው አያገኘውም። ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ለመነው። ባሌ ሰምቶ ይሁን ከከንፈሩ ገምቶ አላውቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ የበርና የደረጃ ንድፍ ያነበበ ሰው ነውና ከሥዕሉ ላይ ዓይኑን አላነሳም።

"የልጄ ድምፅ የቱ ጋ ነው?" አለ።

ስልክ ሠሪው ልጃችንን ያውቃታል፤ አብረው ነው የተማሩት። አድነኝ እንደማለት ወደ እኔ ዞረ። በመጨረሻ ጣቱን አንስቶ በቀኝ በኩል፣ ከተኛው መስመር በላይ በቀረው ባዶ ቦታ ላይ አሳረፈ።

ባሌ ያንን ባዶ ቦታ አየና ወደ እኔ ተጠግቶ ለእኔ ብቻ፣ በሹክሹክታ ተናገረ። ለእሱ ሹክሹክታ ነው፤ ከበሩ ማዶ የነበሩት ደንበኞች ሁሉ ወሬያቸውን አቆሙ።

"አላንሾካሾከችም እኮ" አለኝ። "ልጄ እያለቀሰች ነገረችኝ፤ እኔ እሰይ አልኳት።"