ያልፈለግሁት ፋይል

ጎንደር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ሁልጊዜ የሚፈልጉኝ ቦርሳዬን ካነገትሁ በኋላ ነበር። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። አንድ አርብ፣ ለአሥራ አንድ ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል መጡ።

«ልጄ፣ ሪፖርቱ ጠፋብኝ። ሰኞ ጠዋት ይፈለጋል» አሉኝ።

ጓደኞቼ ለሠርግ ወደ ጠዳ ከተማ ሊወስዱኝ መኪና አስነሥተው በር ላይ ይጠብቁኛል። ከኃላፊዋ ጋር ወደ ቢሮአቸው ሄጄ፣ ማውሱን ሁለቴ ነካ ነካ አደረግሁና «እትዬ፣ ይኼ አይመለስም» አልኋቸው። በቅጡ እንኳ አልፈለግሁም።

«ምን ታደርግ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው መርቀው ሸኙኝ።

ሰኞ ስገባ ዓይናቸው ቀልቶ አገኘኋቸው። ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ውለው፣ ከእጅ ጽሑፋቸው ላይ በሁለት ጣት እየለቀሙ ሪፖርቱን እንደ አዲስ ጽፈውታል። ከቅዳሴ እንኳ ቀርተዋል።

«አደረስሁት እኮ!» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

ላትምላቸው ኮምፒውተራቸው ፊት ስቀመጥ፣ ዋናው ሪፖርት የተሰረዙ ፋይሎች ከሚጠራቀሙበት ቦታ ቁጭ ብሏል። ለመመለስ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እሳቸው አጠገቤ ቆመው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ልንገራቸው አስቤ አፈርሁ። ይባስ ብዬ፣ ማንም እንዳያየው ፋይሉን ጨርሼ አጠፋሁት።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ «ይኼ ልጅ የማይጠግነው የለም፤ የኔ ሪፖርት ብቻ ነው ያቃተው» እያሉ ያስተዋውቁኝ ነበር። እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማቸዋለሁ።