የጨው ምራት

ከቻምዳንግ መንደር በላይ ባለው ጫካ ውስጥ ናንግሳልን በስሟ ብትጠራት ዞር ብላ አታይህም። የሚያውቋት በቅሎ ነጂዎች ይስቃሉ። የማያውቋት ፈረንጆች ደግሞ ሴትዮዋ ጆሮዋ አይሰማም ብለው ያዝኑላታል። አንዱ ጓዙን አሸክሟት ወደ ሐይቁ ሲወጣ ቀኑን ሙሉ ከኋላዋ "ናንግሳል! ናንግሳል!" ሲል ዋለና፣ ማረፊያው ቤት ሲደርሱ የጆሮ ሐኪም እንድታይ በምልክት መከራት። እሷም ራሷን ነቀነቀችና ሻይዋን ጠጣች። ምን ብላ ታስረዳው?

የቻምዳንግ ሰው መግቢያው ላይ ያለውን የድንጋይ ክምር አልፎ ጫካ ሲገባ ስሙን ከደጅ ትቶ ነው የሚገባው። ጫካ ውስጥ ሰው የሰው ስም አይጠራም። የሚጠራ ድምፅ ከተሰማ የጠራው ሰው አይደለም ማለት ነው፣ አይመለስለትም። ስለዚህ ለሣርም ሆነ ለማገዶ መጀመሪያ የሚወጣ ሰው የጫካ ስም ይወጣለታል። የሚያወጣለትም ይዞት የወጣው ቤተሰቡ ነው። የናንግሳል የጫካ ስም ጨው ነው። ገና ልጃገረድ ሳለች መጀመሪያ የተሸከመችው ጨው ነበር፤ ዝናብ መታውና ሳታውቀው ጀርባዋ ላይ ሟሙቶ አለቀ። ላይ ስትደርስ ያስረከበችው ባዶ ቅርጫትና የረጠበ ቀሚስ ነው። አባቷ እስኪያለቅስ ስቆ ስሙን አወጣላት። ጎረቤቷና እኩያዋ ቢርማያ ደግሞ ማሰሮ ትባላለች። ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ ሆዷን መታ መታ ታደርጋለች።

ናንግሳል ይህን ሕግ የምታውቀው በወሬ ብቻ አይደለም። ዶልማ የምትባል ታናሽ እህት ነበረቻት። ሁለቱ አንድ ቀን እንጉዳይ ሊለቅሙ ወጥተው ጭጋግ ወረደባቸው። ጎንበስ ብለው ሲለቅሙ ከላይ በኩል አንድ የሴት ድምፅ "ዶልማ" አለ። የሚያስፈራ ድምፅ አልነበረም። ምግብ ቀርቧል፣ ነይ እንደሚል ሰው ድምፅ ነው። ዶልማ ልቧ እንጉዳዩ ላይ ነበርና "አቤት" አለች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ናንግሳልን አየቻትና ሳቀች።

"አንዴ ካልኩ ምን ይመጣል፣ ማን እንደሆነች አይቼ ልምጣ" አለችና ወደ ጭጋጉ ገባች።

አልተመለሰችም። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ቢፈልጋት የጫማዋ ክር እንኳ አልተገኘም። ገደል ገብታ ይሆናል ተባለ። ናንግሳልም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ታስባለች። ግን ድምፁን በጆሮዋ ሰምታለች፤ አልሰማሽም ብሎ ማንም ሊነግራት አይችልም።

ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን በዚያው ጫካ ተመላልሳበታለች። ባሏ ቶሎ ሞተባት፣ ልጇን ተንዚንን ያሳደገችው የእግር ተጓዦችን ጓዝ እየተሸከመች ነው። መንገድ በሌለበት በኩል የበቅሎ ቃጭል ትሰማለች። ቤት በሌለበት የሚነጠር ቅቤ ይሸታታል። ስትቆም የሚቆም፣ ስትራመድ የሚራመድ ኮቴ ከኋላዋ ይከተላታል። ሰምታ ዝም ትላለች። ሌላው ሸክመኛ ስለ ሥራው ሲያወራ የወገብ ሕመሙን እንደሚያነሳ፣ ለእሷም ይህ የሥራው አንዱ ጣጣ ነው።

ተንዚን አድጎ ለሥራ ኳታር ገባ። ለእረፍት ሲመጣ ከቆላው ያገኛትን ሚስት ይዞ መጣ። ሱሽማ ትባላለች። ከእናቱ ቤት አስገብቷት ተመልሶ ሄደ።

ሱሽማ የልብስ ስፌት ሠራተኛ ነበረች፣ ሙቀት የለመደች። ቻምዳንግ ላይ ራሷን ያማታል፣ ጭሱ ያስላታል፣ የዝናቡ ወራት ሲገባ ደግሞ አልቅቱ ከእግሯ አልወርድ አለ። በሶ ከጉሮሮዋ አይወርድላትም። ሩዝና ምስር ስትሠራ ጨው ይበዛባታል። ናንግሳል ክፉ አማት አልነበረችም፤ ደክሟት ነው። ማታ ማታ ትይዩ ተቀምጠው ይበላሉ፣ ሳህኑ ይታጠባል፣ ይተኛሉ። ሁለት ሰው ያለበት ቤት የማንም ቤት መሰለ።

የመንደሩ ሴቶች ልጅቷን ማስፈራራት ጨዋታ አደረጉት። "ላይ ጫካ ድምፅ ከሰማሽ አፍሽን ግጥም፤ 'አቤት' ካልሽ አለቀልሽ" ይሏታል፤ ዓይኗ ሲፈጥ ይስቃሉ። የጫካ ስም የሚባል ነገር እንዳለ ግን የነገራት የለም። ያ የአማቷ ሥራ ነዋ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቢርማያ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ድንች እየላጠች ጠየቀች፦

"ለዚህች ልጅ ስም አታወጪላትም? ለሣሩ ልናወጣት ነው እኮ።"

"ምን ያደርግላታል?" አለች ናንግሳል። "ዝናቡ ሲያባራ ትሄዳለች። ለሚሄድ ሰው ስም አይባክንም።"

ሱሽማ ከበሩ ኋላ ውሃ ይዛ ቆማ ነበር። ውሃውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ያን ምሽት በሉ፣ ሳህኑ ታጠበ፣ ተኙ።

ጠዋት ናንግሳል ስትነሳ የልጅቷ ቦርሳ የለም፣ ጫማዋም የለም። ወደ አውቶቡሱ ወርዳለች አለች በልቧ። ዝናቡን እንኳ አልጠበቀችም። እሳቱን አነደደች፣ ሻዩን ጣደች፣ ለሁለት ሰው ቀዳች። ሁለተኛውን ኩባያ አይታ ገና ሳትጠጣ፣ በቅሎ ነጂው ካርማ ከታች በኩል ደረሰ።

"ምራቴን መንገድ ላይ አገኘሃት?"

"ማንንም አላገኘሁም። የታችኛውን መንገድ ናዳ በልቶታል፣ እኔም በስንት መከራ ነው ያለፍኩት። ወደ ላይ አዙሩ ተብሎ እንጨት ተጋድሞበታል።"

ናንግሳል ኩባያውን አስቀመጠች። ወደ ላይ ማለት ጫካው ነው። ጫካው ደግሞ ከንጋት ጀምሮ በጭጋግ ተውጧል።

ሦስቱ ወጡ፤ ናንግሳል ቅርጫቷን በጀርባዋ አዝላ፣ ቢርማያና ካርማ ከኋላዋ። የድንጋዩ ክምር ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ካርማ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሊጮህ አለና አወረደው።

"ምን ብዬ ልጥራት?"

ቢርማያ ናንግሳልን ላለማየት ቀሚሷን አራገፈች። በስሟ ከጠሯት ጫካው ስሟን ይይዛል። የጫካ ስም ደግሞ የላትም። ሰው ጠፍቶ መጠሪያ ሲጠፋ ናንግሳል ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየች፤ ያጠፋችውም ራሷ ናት።

"የጨው ምራት እንበላት እንግዲህ" አለ ካርማ በመጨረሻ።

"የጨው ምራት! ሆይ! የጨው ምራት!" እያሉ ዛፍ ለዛፍ ዞሩ። ጭጋጉ ድምፃቸውን እንደ ጥጥ ዋጠው። ቢርማያ ጉልበቷን ይዛ "ማሰሮው ሊሰበር ነው" ብትልም የሳቀላት የለም። ቀኑ ሲያዘነብል ካርማ ተጨማሪ ሰውና ገመድ ይዞ ለመምጣት መውረድ አለብን አለ።

"ውረዱ" አለች ናንግሳል። "ትንሽ ልረፍና እከተላችኋለሁ።"

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን ያልሆንኩበት ቀን አለ?"

ሄዱ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ተንዚን ሲደውል ምን እንደምትለው አሰበች። ሚስትህ ሄደች ማለት ይቻላል፤ ጠፋች ማለት ግን ሌላ ነው። አንዴ ብላዋለች ይህንን ቃል፣ ለእናቷ፣ ባዶ የእንጉዳይ ቅርጫት ይዛ።

ያኔ ከገደሉ በኩል "ናንግሳል" አለ አንድ ድምፅ።

የሴት ድምፅ ነው፣ የወጣት። ቸኩሎም አይደለም የጠራት። ፀጉሯ ቆመ። ሱሽማ ልትሆን አትችልም፤ ሱሽማ ከመጣች ጀምሮ "እማ" እንጂ ስሟን በአፏ ጠርታ አታውቅም። የተማረችው ሁሉ፣ የምታውቀው ሁሉ፣ ተነስተሽ ሳትዞሪ ውረጂ ይላታል። ተነሳችም። ሁለት እርምጃ ወረደች።

ከዚያ ቆመች። ቢወስደኝስ፣ አለች በልቧ፤ ከእኔ ምን ቀረ? ልጅቷ ግን ገና ነች።

"አቤት" አለች ጮክ ብላ።

ጥቂት ቆይቶ ድምፁ እንደገና፣ አሁን ራቅ ብሎ ጠራት። ወደዚያው ሄደች። ከመንገድ ወጣች፣ ቅርንጫፍ ፊቷን ገረፋት፣ ድንጋይ ከእግሯ ሥር ተንከባለለ። ሁሉን ነገር ትታ፣ ሕጉንም ፍርሃቱንም ትታ፣ "ሱሽማ!" ብላ ጮኸች። በገዛ ስሟ። "ሱሽማ! እኔ ነኝ!"

ከታች፣ ከአንድ ተንጠልጣይ ቋጥኝ ሥር፣ ሰው አፉን አፍኖ የሚያለቅሰው ዓይነት ለቅሶ ሰማች። ልጅቷ ተኮማትራ ተቀምጣለች፤ አንድ እግሯ አብጧል፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ከፊቷ ትንሽ አለፍ ብሎ መሬቱ ያልቃል። የጭጋጉ ነጭ ብቻ ነው።

"አይቅረቡኝ" አለች ሱሽማ በጣቶቿ መካከል።

"ኧረ እኔ ነኝ።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት ብለውኛል። እርስዎ ከሆኑ ይንገሩኝ። ትናንት እራት ላይ ምን አሉኝ?"

ናንግሳል አሰበች። "ጨው በዛበት አልኩሽ።"

"ያ ከትናንት በስቲያ ነው።"

ናንግሳል የበለጠ አሰበች፣ ፊቷም ጋለ። "ትናንት ምንም አላልኩሽም" አለች ዝቅ ብላ። "ምንም።"

ሱሽማ እጇን ከአፏ አነሳች። እያለቀሰችም እየሳቀችም "እርስዎ ነዎት" አለች።

በሻሿ እግሯን ስታስርላት ናንግሳል ጠየቀች፦ "ስንጮህ ስንውል አልሰማሽንም?"

"ሰምቻለሁ። 'የጨው ምራት' የሚል ነገር በአጠገቤ አለፈ። ሰይጣን አብዶ መሰለኝ። ጨው ምራት አለው እንዴ? አፌን ያዝኩ።"

"ታዲያ እኔን ስትጠሪኝ ለምን አልፈራሽም?"

"እኔ መች ጠራሁዎት?"

"በስሜ ጠራሽኝ እኮ። ናንግሳል ብለሽ።"

ልጅቷ ደነገጠች። "እኔ? የባሌን እናት በስሟ? ምላሴ ይቆረጥ። ሌላ ሴት ናት የጠራችዎት፣ እኔም ሰምቻታለሁ። ከዚህ ከራሴ በላይ ነበረች። ከመንደሩ አንዷ መሰለችኝ። እርስዎ 'አቤት' ሲሉ ነው ድምፅዎን የለየሁት።"

ሁለቱም ቀና ብለው አዩ። ከቋጥኙ በላይ ልሙጥ ገደል ነው፤ ፍየል እንኳ የሚቆምበት የለውም። ናንግሳል ለረጅም ጊዜ አየችው። "ዶልማ" ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ግን ዋጠችው።

"ነይ ቅርጫቱ ውስጥ ግቢ።"

"እማ፣ እርስዎ ሊሸከሙኝ?"

"የፈረንጅ ጓዝ ተሸክሜ ጎብጫለሁ፤ አንቺ ምን አለሽ?"

የቅርጫቱን ጠፍር ግንባሯ ላይ አሳርፋ ተነሳች። ወገቧ ጮኸ። መንገዱ ላይ ስትወጣ ጭጋጉ መሳሳት ጀምሮ ነበር። ሱሽማ ከጀርባዋ ሆና በቀስታ "ዝናቡ ሲያባራ ትሄዳለች ያሉት..." አለች።

"እንግዲህ መሄድ ከፈለግሽ ዝናቡ ሲያባራ ራሴ አወርድሻለሁ። በዚህ ቅርጫት ቢሆንም።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "እኔ ግን ሂጂ ማለቴ አልነበረም። እንደምትሄጂ እርግጠኛ ሆኜ ነው፤ ሁሉም ስለሚሄድ።"

የድንጋዩ ክምር ጋ ቢርማያና ካርማ ሰውና ገመድ ይዘው ሲወጡ አገኟቸው። ቢርማያ አየቻቸውና እዚያው ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች።

"ጨው! ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው? ዝናብ መትቶት አይሟሟብሽም?"

"ይሄኛው አይሟሟም።"

"በይ ስሟን አውጪላት አሁን፣ ከክምሩ ሳንወርድ።"

ናንግሳል ጠፍሩን ከግንባሯ ሳታወርድ "ሸክም" አለች።

"ያን ያህል ከብጃለሁ እንዴ?" አለች ከቅርጫቱ ውስጥ ሱሽማ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አብረው ለወጡት የመንደሩ ሴቶችም ያስፈራሯት ነገር ትዝ ሳይላቸው አልቀረም፤ አንዷ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ጫማው ለጠፋበት ላልታመመው እግሯ አደረገችላት።

ዝናቡ አባራ። የመሄድን ነገር ናንግሳል አላነሳችም፣ ሱሽማም አላነሳችም። ናዳው ተጠረገ፣ አውቶቡሱ መጣ ሄደ። ሱሽማ ከሴቶቹ ጋር ለሣር ወጣች። "ሸክም!" ሲሏት "ወዲህ ነኝ!" ትላለች፣ ከሁሉም ጮክ ብላ። ምግቧ ጨው አሁንም ይበዛዋል። ናንግሳል በዛ ትላታለች፣ እሷም የጨው ቤት ነው ብላ ትመልሳለች፤ ተንዚን ሲደውል ሁለቱ በአንድ ስልክ ላይ ሲሻሙ ማንን እንደሚሰማ ይጠፋዋል።

ተጓዦች አሁንም ከኋላዋ "ናንግሳል!" ይላሉ፣ እሷም አትዞርም። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። ክምሩን አልፋ ያን ገደል በሚያሳየው ጥምዝ ላይ ስትደርስ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ቆም ብላ "አቤት" ትላለች። አንድ ቀን ሱሽማ አብራት ነበረች።

"እማ፣ ማን ጠራዎት?"

"ማንም።"

"ታዲያ?"

ናንግሳል ጠፍሩን አስተካከለች። "ምናልባት ጠርታኝ ሳልሰማት ቀርቼ እንደሆነ ብዬ ነው" አለችና መንገዷን ቀጠለች።