ውብዳር ድሪቶ ፍለጋ የወጣችበት ቀን

ውብዳር ጨርቅ በዓይኗ ብቻ አይታ ገዝታ አታውቅም። በሁለት ጣቷ ይዛ ታሸዋለች፣ ወደ ብርሃን ታነሳዋለች፣ ከጠርዙ አንድ ክር ትመዛለች፣ ከዚያ ትንቀዋለች። በስድሳ ሁለት ዓመት ዕድሜዋ ያልናቀችው ጨርቅ ጥቂት ነው፤ ያልናቀችው ሰው ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

አባቷ ወገራ ውስጥ ሸማኔ ነበሩ። እሷም ገና በልጅነቷ እንዝርት ይዛ ፈትል ተምራለች። እስራኤል ከገባች በኋላ ቤኤር ቱቪያ ካለው የፋብሪካ ሰፈር፣ የፍራሽ ልብስ ከሚሰፋበት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠራች። በመጨረሻዎቹ ዐሥራ ስድስት ዓመታት የስፌት መኪና ላይ አልተቀመጠችም። ሌሎች የሰፉትን እየገለበጠች የምታይ፣ የተጣመመውን የምትመልስ ተቆጣጣሪ ነበረች። ለጠባይዋ ከዚህ የተሻለ ሥራ ቢፈለግም አይገኝም ነበር። ጡረታ ስትወጣ አለቃዋ አበባ ሰጣት፤ አበባው የፕላስቲክ መሆኑን እዚያው ነገረችው።

ልጇ ሃጋር የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ፣ አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጣች።

«ኢማ» አለች፣ እናቷን በዕብራይስጥ እየጠራች፤ «ይኸን እይው። ለሕፃኑ አልጋ ይኸን ነው የምፈልገው።»

ውብዳር ስልኩን ከዓይኗ ራቅ አድርጋ አየች። በአራት ማዕዘን የተቆራረጠ፣ ቀለሙ ብዙ የሆነ ጨርቅ እርስ በርሱ ተገጣጥሞ የተሰፋ ብርድ ልብስ ነው።

«ድሪቶ ነው» አለች።

«ድሪቶ አይደለም፣ ሰሚኻ ነው፣ ብርድ ልብስ። በእጅ የተሠራ።»

«እኛ አገር ድሪቶ የሚለብሰው ያጣ ሰው ነበር። እናንተ ግን ሞልቷችሁ ትለብሱታላችሁ።»

እንዲህ ብላም ቢሆን በማግስቱ ጠዋት የልጇ መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። ልጇ ድሪቶ ስትገዛ ማየት ባትወድም፣ መጥፎ ድሪቶ ስትገዛ ቤት መቀመጥ አላስቻላትም።

መጀመሪያ እዚያው በሚኖሩበት ከተማ ቅርያት መላኺ፣ ገበያው አጠገብ ካለ ጨርቅ ቤት ገቡ። ጥቅሉ እስከ ጣራ ተደርድሯል። ባለቤቱ ሲጋራ በጆሮው ላይ የሰካ ሽማግሌ ነው። ሃጋር ቢጫ አበባ ያለበትን ስትነካ ሰውዬው ከወንበሩ ሳይነሳ «መቶ በመቶ ጥጥ» አለ።

ውብዳር ከጠርዙ ክር መዘዘች። «እሳት አለህ?» አለችው በዕብራይስጥ።

ሲጋራ ልታጨስ መስሎት ላይተሩን ሰጣት። ክሩን ለኮሰችው። ጥጥ ሲቃጠል እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ሆኖም ይበናል። ይኸኛው ተኮማትሮ እንደ ጥቁር ዶቃ ጠጠረ። ዶቃውን አንስታ ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቱ አስቀመጠችለት።

«ጥጥህ ይኸውልህ።»

«ከፋብሪካ እንዲህ ብለው ነው የላኩልኝ።»

«አንተስ ጣት አልፈጠረልህም?»

ሃጋር ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። «ያላ ኢማ፣ እንሂድ። ቤሰደር፣ እሺ፣ ገብቶታል።»

ሃጋር መሪውን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ወደ ሌላው ከተማ፣ ወደ ገዴራ ነዳች። መንገድ ላይ «ሰው ፊት ለምን ታዋርጃለሽ?» ስትል ጠየቀች።

«እኔ መች አዋረድሁት? ጨርቁ ነው ያዋረደው።»

የገዴራው ሱቅ የሳሙና ሽታ አለው፤ ዘፈንም ቀስ ብሎ ይሰማል። ሦስት ሴቶች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ይሰፋሉ። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሮኒት የምትባል ባለሱቅ ፈገግ ብላ ተቀበለቻቸው። መደርደሪያው ላይ ተቆራርጦ ያለቀ፣ በጥብጣብ የታሰረ ጨርቅ በጥቅል በጥቅል ተቀምጧል።

ውብዳር አንዱን ፈትታ አሸችው። ጥጥ ነበር። ደህና ጥጥ። እሱም አናደዳት። ደህናውን ጨርቅ ቆራርጦ ደግሞ መልሶ መስፋት ምን የሚሉት ሥራ ነው? ሥራ የፈታ እጅ ጨርቅ ላይ ይጫወታል ስትል አሰበች።

ሮኒት ቀረብ አለችና ቃሉን እየጎተተች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ይኸ... ጥጥ... ነው። ከ... ተክል... ነው... የሚገኘው» አለቻት።

ውብዳር ወደ ልጇ ዞራ በአማርኛ «ይች ሴትዮ ደንቆሮ መስዬ ታየኋት እንዴ? እኔ ጥጥ ስፈትል እናቷም አልታጨችም ነበር» አለች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ ሴትዮዋ ግን አጥሩን እየነቀነቀች እንደሆነ እንኳ አላወቀችም። ሃጋር ፊቷ ቀላ።

ሮኒት ግን ቅን ነበረች። «ቁርጥራጩን ካልፈለጋችሁ ተሰፍቶ ያለቀም አለ» ብላ ከግድግዳው አንድ ብርድ ልብስ አወረደች። ውብዳር እንደ ልማዷ ፊቱን ሳታይ ገለበጠችው። ጥጎቹ ሁሉ ነጥብ በነጥብ ገጥመዋል። የስፌቱ ትራፊ ጠርዝ ወደ አንድ ወገን ተተኩሷል። የተንጠለጠለ ክር የለም። በጣቷ መስመር መስመሩን ተከትላ እስከ ዳር ሄደች፣ ተመለሰች።

«ማን ነው የሠራው?»

«ከእናንተው ናት» አለች ሮኒት ደስ ብሏት። «የሺ ትባላለች። ያቭነ ከተማ ሱቅ አላት። እነዚህ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ የተማሩት ከእሷ ነው።»

ያቭነ ሲደርሱ ሱቁን ከአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ሥር አገኙት። በሩ ክፍት ነው። ከስፌት መኪናው ጀርባ የተቀመጠችው ሴት ቀና ስትል፣ ውብዳር ደፉ ላይ ቆመች።

የሺዓለም ነበረች።

ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት የሺዓለም፣ እነውብዳር ከገቡ ከብዙ ዓመት በኋላ ከመጡት ጋር ከጎንደር መጥታ፣ በገባች በዓመቷ ፋብሪካው ተቀጠረች። ውብዳር በኋላ የመጡትን ትንቅ ነበር፤ ምክንያቱን የጠየቃት የለም፣ እሷም ራሷን አልጠየቀችም። የሺዓለም የሰፋችውን በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትመልስባታለች። አንድ ቀን ግን ዐሥራ ሁለት የፍራሽ ልብስ አንድ ላይ ታቅፋ መጥታ፣ አርባ ሠራተኛ እያየ እግሯ ሥር ጣለችው። «ይች እጅ ለማጭድ እንጂ ለመርፌ አልተፈጠረችም» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። በሳምንቱ የሺዓለም ሥራውን ለቀቀች፤ ውብዳርም ከዚያ ወዲህ አስባት አታውቅም።

«ደህና ነሽ፣ ውብዳር?» አለች የሺዓለም።

ፋብሪካ ሳሉ «አንቱ» ትላት ነበር። ውብዳር ይኸን ልብ አለችው።

«ትተዋወቃላችሁ?» አለች ሃጋር ደስ ብሏት።

«አብረን ሠርተናል። እናትሽ ሥራዬን ትመልስልኝ ነበር።»

«ጠማማ ስለነበረ ነዋ» አለች ውብዳር።

«ጠማማ ነበር» አለች የሺዓለም። መኪናዋን አጥፍታ እጇን ጭኗ ላይ አኖረች። «እንዴት እንደሚቃና ግን አንድ ቀን አላሳየሽኝም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ለማጭድ ነው ያልሽውን እጅ ይዤ ቤቴ ገብቼ፣ አሮጌ አንሶላ እየሰፋሁ ሳፈርስ፣ እያፈረስሁ ስሰፋ ሁለት ዓመት ተቀመጥሁ።»

ሃጋር እናቷን አየች። ውብዳር ሱቁን አየች። የሚናቅ ነገር ትፈልግ ነበር። ጨርቁን አየች፤ ደህና ነው። ስፌቱን አየች። መደርደሪያውን አየች።

«ማራገቢያሽ አቧራ ይዟል» አለች።

«አዎ፣ ይዟል።»

የሺዓለም ወደ ሃጋር ዞረች። የምትወደውን ቀለም ጠየቀቻት፣ የአልጋውን ልክ ጻፈች፣ በስድስት ሳምንት ይደርሳል አለቻት። በመጨረሻም «እናትሽ ሳያልቅ መጥታ እንዳታየው» አለች። ይኸን ያለችው ውብዳር እዚያው ቆማ ሳለች ነው።

በመልስ መንገድ ሃጋር «እውነት እንደዚያ ብለሻታል?» አለች።

«ብያታለሁ። ስፌቱ ጠማማ ነበር።»

«እሱንማ እሷም አልካደችም።»

ውብዳር አባቷ ትዝ አሏት። ክሯ ሲወፍር በጥሰው ይጥሉባት ነበር፤ እውነት ነው። በጥሰው ግን አይሄዱም። አጠገቧ ቁጢጥ ብለው እንዝርቱን ያሾሩላታል፣ ጣቷን በጣታቸው ይዘው እስክትለምደው ድረስ። እሷ ከአባቷ የወረሰችው መበጠሱን ብቻ ነበር። ይኸ ሲገባት የተናደደችው በየሺዓለም ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ብርድ ልብሱን ሊወስዱ ሄዱ። ውብዳር ከመኪናው አልወርድም አለች። ሃጋር ስትገባ የሺዓለም ራሷ ብርድ ልብሱን ይዛ ወጣችና በመስኮቱ አቀበለቻት።

«ገልብጪው» አለች።

«አያስፈልግም።»

«ገልብጪው እንጂ። አልፈራሽም።»

ገለበጠችው። መስመር በመስመር አየችው። ከታች በስተቀኝ ጣቷ ቆመ። «ይች ጥግ አልገጠመችም» አለች። በድምጿ ውስጥ ትንሽ ደስታ ነበር።

የሺዓለም ጎንበስ ብላ አየች። «እውነትሽን ነው። እንግዲህ ዛሬ አሳዪኝ።»

ውብዳር ወረደች። ሱቁ ገብታ የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠች፤ ስፌቱን በምላጭ ፈታች፤ ጥጉን ገጠመች፣ ሰፋች። ለዓመታት ሌሎች የሰፉትን ስታይ ኖራ ለመጨረሻ ጊዜ መርፌ የነካችበትን ቀን አታስታውስም። ጣቶቿ ደርቀው ነበር። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት፤ ስትጨርስ ጥጉ ከቀድሞው ይልቅ ተጣመመ። አየችው። እንዲህ ያለ ስፌት ስንት ጊዜ እንደጣለች ታውቃለች። የራሷን እጅ በዚያ ዓይን ስታይ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

የሺዓለም አልሳቀችም። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ፈታችው፣ ሁለቱን ጨርቅ በስፒል ያዘችና «እዚህ ላይ ያዢልኝ» አለቻት። ውብዳር ያዘችላት።

ሕፃኑ ወንድ ሆነ፤ ኢታይ አሉት። ሰው ሁሉ ሊጠይቅ እየመጣ ብርድ ልብሱን ያደንቃል፤ ውብዳር ደግሞ በዘይት እጅ እንዳይነኩት ዓይኗን አትነቅልም። ማን ሠራው ሲሏት «የሺዓለም ናት፣ የያቭነዋ» ትላለች። ከዚያ በላይ አትጨምርም፤ ይቅርታ የሚባል ቃልም ከአፏ እንደወጣ የሰማ የለም።

አንድ ቀን ሕፃኑ አስመለሰበትና ብርድ ልብሱን ሃጋር ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ከፎጣ ጋር ስትጨምረው ደረሰችባት።

«ምንም አታውቁም እኮ እናንተ» አለች ውብዳር፤ መንጭቃ አወጣችው። ገንዳ ውስጥ ለብ ባለ ውሃ በእጇ አጥባ፣ ሳትጨምቅ በረንዳው ጥላ ላይ ዘረጋችው። ፀሐይዋ ዞራ እንዳትደርስበት ወንበር አውጥታ እስኪደርቅ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ከታች በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ፣ በተለይ የለበሰውን፣ እየናቀች።