ሩት ማናት?

"ያለ ሩት ፈቃድ ምንም ፕሮግራም አይጫንም" ብዬ ሳልጨርስ፣ ፈረስ መጋላ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ብድግ አሉ። "እህቴ፣ እንግዲያው ሩት ስትመጣ እንመለሳለን።"

(የቢሮ ደጅ ሲጠኑ የኖሩ ሰው ናቸው።)

ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት የምናስተምርበት ቡድናችን ለጀማሪዎች ያዘጋጀው የመጀመሪያ ትምህርት ዛሬ ነበር። ሐጂ ከወጡ ሌላውም ተከትሏቸው ሊወጣ ነው።

"ሐጂ፣ ሩት ሰው አይደለችም! ኮምፒውተሩ ውስጥ ሁሉን ማዘዝ የሚችል ባለሥልጣን ማለት ነው። የዚህኛው ሩት እርስዎ ነዎት፤ የይለፍ ቃሉን የሚያወጡት እርስዎ ነዎት።"

"ማሻአላህ! ማህተም ያዥ ሆንኩ በይኛ!" አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

ወዲያው አጠገባቸው የተቀመጠች፣ እሷም ለመማር የመጣች መምህርት "ሐጂ፣ የይለፍ ቃሉን ያስገቡልንና የአማርኛ መጻፊያውን እንጫን" አለቻቸው።

"ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ነገ ተመለሺ።"

በእናንተ መሥሪያ ቤት ሩት ማናት?